አንድ እሳት፣ ሁለት ሥራ፦ ከወንጂ እስከ ጉለሌ

ጉለሌ ውስጥ “ፓስተር” የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ክትባትና ላቦራቶሪ ያለበት ሰፈር ደግሞ የመብራት ነገር አይቀልበትም፤ ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን መሥራት አለበት። ስለዚህ ሐኪም ሆኜ ስለ መብራት ታሪክ ብጽፍ አይግረማችሁ።

በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወንጂ የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ስኳር ፋብሪካ ነው። ስኳር ፋብሪካ ከአገዳው የሚተርፈውን ባጋስ አንድዶ እንፋሎት ይሠራል። እንፋሎቱ ተርባይን አዙሮ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ከዚያ ጭማቂውን ያፈላል። አንድ እሳት ሁለት ሥራ ሠራ ማለት ነው። ነገር ግን አዛዡ ስኳሩ ነው። ፋብሪካው ለጥገና ሲቆም ኤሌክትሪኩም ይቆማል፤ ከተማው ምሽት ላይ ጨምሩልኝ ቢል የሚሰማው የለም።

የተፈጥሮ ጋዝ ያላቸው አገሮችም ይህ ችግር ገጥሟቸዋል። በእነሱ ማመንጫ የጋዝ ተርባይኑ ትኩሳት እንፋሎት ሠርቶ ሁለተኛ ተርባይን ያዞራል፣ የተረፈው ቤት ያሞቃል። ዴንማርኮች ሙቅ ውኃውን በትላልቅ ታንከር ማጠራቀም ጀመሩ። ያኔ ማመንጫውን ኤሌክትሪክ በሚፈለግበት ሰዓት ማስነሳት፣ ሲበቃም ማቆም ተቻለ።

የኛ ታንከር ግድብ ነው። በ1952 ዓ.ም. በኢጣሊያ የጦር ካሳ የተሠራው ቆቃ 43 ሜጋዋት ይዞ መጣ። ሌሊት ውኃውን ያዝ ማድረግ፣ ምሽት ምጣዱና ምድጃው ሲበራ መልቀቅ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል።

ውኃው ሲያንስስ? በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሆነ፣ የናፍጣ ጄኔሬተሮችም በኪራይ ገቡ። ያኔ ጀማሪ ሐኪም ነበርኩ። ፈረቃው የኛ ሲሆን ቀዶ ሕክምና ከመጀመራችን በፊት የምንጠይቀው “ናፍጣ አለ ወይ?” ብለን ነበር። በ2002 ተከዜ፣ ግልገል ጊቤ 2 እና በለስ ተመረቁ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ደግሞ 5,150 ሜጋዋት ያለው የአባይ ግድብ ተመረቀ። ደስ ይላል። ዝናብ ግን ዛሬም በእጃችን አይደለም።

ሆስፒታልም እንደ ስኳር ፋብሪካ ኤሌክትሪክም እንፋሎትም ይፈልጋል፤ የቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚቀቀለው፣ አንሶላ የሚታጠበው በትኩሳት ነው። ምህንድስና ያጠናችሁ እህት ወንድሞቼ፣ ወንጂ ላይ የኖረውን ዕውቀት ለሆስፒታል የሚሆን አድርጋችሁ ብታስቡበት፣ የሚቀጥለው ፈረቃ ሲመጣ ጥያቄያችን ናፍጣ አይሆንም።