የእንፋሎት ሞተርና የሠሩት እጆች

በዚህ እትም ስለ አሮጌ ሞተር ስንጽፍ «ዕድርና ሞተር ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን ግንኙነቱን ያገኘዋል ብለን እናምናለን። ዓመቶቹ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባቡር የሚለው ቃል መነሻው በአውሮፓ ቋንቋዎች እንፋሎት ማለት ነው። ስለዚህም አባቶቻችን በሐዲድ የሚሄደውንም እህል የሚፈጨውንም ባቡር አሉት። እንፋሎትን በሲሊንደርና በፒስቶን ለከባድ ሥራ መጀመሪያ ያሠማራው ቶማስ ኒውኮመን የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ዳርትመዝ በምትባል የወደብ ከተማ የብረት ዕቃ ነጋዴና ባለሙያ ነበር። ረዳቱ ጆን ካሊ ደግሞ መስተዋት ገጣሚ ነበር።

በዚያን ዘመን የማዕድን ጉድጓዶች ውሃ እየሞላባቸው ሠራተኛው ተቸግሮ ነበር። በፈረስ ጉልበት ቢሳብ ወጪው አልቻል አለ። ታዲያ ኒውኮመን በ1712 ዳድሊ በሚባል ግንብ አቅራቢያ በአንድ የከሰል ጉድጓድ ላይ ሞተሩን ተከለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከታች ውሃ የሚፈላበት ትልቅ ጋን አለ። ከጋኑ በላይ ሲሊንደር፣ በውስጡም ፒስቶን ተቀምጧል። ፒስቶኑ በሰንሰለት የታሰረው እንደ ሚዛን መሐሉ ላይ በተደገፈ ግዙፍ አግዳሚ እንጨት ጫፍ ነው። ሲሊንደሩ በእንፋሎት ሲሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ውስጥ ይረጫል፤ እንፋሎቱ ወዲያው ወደ ውሃነት ይመለስና ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ያን ጊዜ የውጪው አየር በክብደቱ ፒስቶኑን ወደ ታች ይጫነዋል፤ በሌላው ጫፍ ያለው የፓምፕ ዘንግ ደግሞ ውሃውን ይዞ ይወጣል። እንግዲህ ሥራውን የሚሠራው እንፋሎቱ ብቻ ሳይሆን በላያችን ያለው አየር ጭምር ነው! ያ ሞተር በደቂቃ 12 ጊዜ እየተመላለሰ፣ በያንዳንዱ ጊዜ 45 ሊትር ያህል ውሃ ከ46 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያወጣ ነበር። በኛ መለኪያ በደቂቃ 27 ጀሪካን መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ምስጋናው እንደ ሥራው አልሆነም። ቀድሞ በ1698 የባለቤትነት መብት ያወጣ ቶማስ ሴቨሪ የሚባል ሰው ስለነበረ፣ ኒውኮመን በዚያ ሰው መብት ሥር ሆኖ ለመሥራት ተገደደ። ደሳጉሊየ የተባለው ሊቅም በ1744 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሁለቱ ሰዎች ፈላስፋም የሒሳብ ሊቅም ስላልነበሩ ነገሩን ያገኙት በአጋጣሚ ነው ብሎ ጻፈ። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ዓመታት ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ፣ ሲያፈርስና ሲገጥም የኖረ ሰው ያገኘውን አጋጣሚ ማለት ምን ፍርድ ነው?

ከዚያ በኋላ ጄምስ ዋት በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የኒውኮመንን ሞተር ትንሽ ሞዴል ሲጠግን፣ ሲሊንደሩ በየጊዜው እየቀዘቀዘ ሙቀት እንደሚባክን አስተዋለ። እንፋሎቱ ለብቻው የሚቀዘቅዝበት ሌላ ዕቃ ጨመረና በ1769 የባለቤትነት መብት አገኘ። እሱም ቢሆን ያለ ብረት ሠራተኛ አልሆነለትም። ሲሊንደሩን ልክ አድርጎ የሚቦረቡር መሣሪያ በ1775 የሠራለት የብረት ፋብሪካ ባለቤቱ ጆን ዊልኪንሰን ነው።

ዋት በ1819 ሲሞት መቃብሩ ታወቀ፣ ሐውልትም ቆመለት። ኒውኮመን ግን በ1729 ለንደን ላይ ሞቶ ባንሂል ፊልድስ በሚባለው መካነ መቃብር ቢቀበርም፣ የትኛው ጉድጓድ የሱ እንደሆነ ዛሬ አይታወቅም። በሱ ዘዴ የተሠራ አንድ አሮጌ ሞተር ግን እስከ 1913 ድረስ ኮቨንትሪ አጠገብ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ ወደ ትውልድ ከተማው ተወስዶ ለመታሰቢያ ተተከለ። የሰውዬው መቃብር ጠፋ፣ ብረቱ መሰከረለት።

በኛም አገር ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ፋቂው በሙያው ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ሆኖም አዋጅ አፍን ቢዘጋ ልብን ቶሎ አይለውጥም። ከመካከላችን ስንት መካኒክ፣ ስንት በያጅ፣ ስንት የወፍጮ ባለሙያ ቀብረናል! በመዝገባችን ያለው ግን ስማቸውና የከፈሉት መዋጮ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን አንድ ነው። በአባላት መዝገብ ላይ ከስም ቀጥሎ ሙያም ይጻፍ፤ በቀብር ዕለትም የሕይወት ታሪክ ሲነበብ በእጁ የሠራው ሥራ ይነገርለት። ወጪው አንድ መስመር ቀለም ነው። ዕድር የተቋቋመው ሬሳ ለመቅበር እንጂ ስም አብሮ ለመቅበር አይደለምና።