አሳዳጊ እናት ወይስ አገር? የኑረዲን ፋራህ ‘ማፕስ’ ማዕከላዊ ግጭት

ሶማሊያዊው ደራሲ ኑረዲን ፋራህ በእንግሊዝኛ የጻፈው ‘ማፕስ’ (ካርታዎች) የተሰኘው ልብ ወለድ ለኅትመት የበቃው እአአ በ1986 ነው። እአአ በ1945 ባይደዋ ውስጥ ተወልዶ ኦጋዴን ውስጥ በምትገኘው ቀላፎ ያደገው ኑረዲን፣ በዚህ ሥራው የልጅነት አካባቢውን ወደ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ታሪክ ለውጦታል።

መጽሐፉ አንድ ልጅ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ያለውን ጉዞ የሚከተል ነው። ሆኖም በዚህ ታሪክ ውስጥ ማደግ ከባድ ዋጋ አለው፤ ልጁ ‘ሙሉ ሰው’ ለመባል ያሳደገችውን ሴት መካድ ያለበት ይመስለዋል።

አስካር እና ሚስራ

የአስካር አባት በታጋይነት የሞተው ልጁ ሳይወለድ ነው። እናቱም ብዙ አልቆየችም። ሕፃኑን አግኝታ ያሳደገችው ሚስራ ሶማሊያዊት አይደለችም፤ ከኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ በልጅነቷ ተወስዳ የመጣች፣ የኦሮሞና የአማራ ደም ያላት ሴት ናት።

ሁለቱ እንደ አንድ አካል ይኖራሉ። የአስካር ግርዛት ግን የመለያየታቸው መጀመሪያ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ልጁ ከእቅፏ ይልቅ ወደ ወንዶቹ ዓለም፣ ወደ ጦርነቱና ወደ ካርታው ያዘነብላል።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካርታ

እአአ ከ1977 እስከ 1978 የተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ሁለቱን ይነጣጥላቸዋል። አስካር ሞቃዲሾ ወደሚኖረው አጎቱ ሂላል ይላካል። በመኝታ ክፍሉ ካርታ ይሰቅላል፤ የጦርነቱንም ድልና ሽንፈት በዚያው ይከታተላል።

የሶማሊያ መታወቂያ ሲሰጠው፣ ያሳደገችው ሴት በወረቀቱ ላይ ስፍራ እንደሌላት ይረዳል። ሂላል ደግሞ ሶማሊያዊነትን የሚወስነው ቋንቋ መሆኑን ያስረዳዋል። ይሁን እንጂ አስካርን ሶማሊኛ ያስተማረችው ሚስራ ራሷ ናት። የልጁን ማንነት የሚያጸናው ቋንቋ፣ በዚያው ማንነት ‘ባዕድ’ ከተባለች ሴት አንደበት የተቀዳ ነው።

የልብ ወለዱ ማዕከላዊ ግጭት እዚህ ላይ ነው። በውጭ ሲታይ ግጭቱ የሁለት አገራት ነው። በውስጥ ግን አንድ ልጅ ‘የማን ነኝ?’ ሲል ከራሱ ጋር የሚያደርገው ሙግት ነው።

ክሱ

ከዓመታት በኋላ ሚስራ ሞቃዲሾ ትደርሳለች። ሶማሊያዊ ታጋዮችን ለኢትዮጵያ ጦር አሳልፋ ሰጥታለች ተብላ ተወንጅላለች። እርሷ ትክዳለች፤ ደራሲውም ለአንባቢ የማያሻማ ፍርድ አይሰጥም። ለአቅመ አዳም የደረሰው አስካር በበኩሉ ከሁለት ምርጫዎች ጋር ተፋጥጧል፤ ትምህርቱን መቀጠል ወይስ የነጻ አውጪውን ግንባር መቀላቀል?

ሚስራ ታማ ከተኛችበት ሆስፒታል ትወሰዳለች፤ በኋላም አስከሬኗ ከባሕር ይወጣል። አስካር ሳይወስን፣ ሌሎች ወስነውለታል።

ሦስት ተራኪ፣ አንድ ልጅ

ታሪኩ የሚነገረው አንዴ ‘አንተ’፣ አንዴ ‘እኔ’፣ አንዴ ደግሞ ‘እርሱ’ እየተባለ ነው። ይህ የአጻጻፍ ስልት የግጭቱ አካል ነው። በመጨረሻ ፖሊሶች አስካርን ለጥያቄ ሲፈልጉት፣ ታሪኩን እንደ አዲስ መተረክ ይጀምራል። ሦስቱ ድምፆች ያን ጊዜ የተከሳሽ፣ የምስክርና የዳኛ ድምፅ ሆነው ይሰማሉ።

‘ማፕስ’ ‘ጊፍትስ’ እና ‘ሲክረትስ’ ከተባሉት ልብ ወለዶች ጋር አንድ ሥላሴ የሚሠራ ሲሆን፣ ኑረዲን እአአ በ1998 የኑስታድት ዓለም አቀፍ የሥነ ጽሑፍ ሽልማትን አግኝቷል።

ድንበር ቤተሰብን ለሁለት በሚከፍልበት የአፍሪካ ቀንድ፣ መጽሐፉ የሚያነሳው ጥያቄ ዛሬም አላረጀም። ካርታ የአገርን ወሰን ያሳያል። አንድን ሕፃን ማን እንዳጎረሰው፣ ማን አዝሎ እንዳስተኛው ግን አያሳይም።