ሳይቃጠል በቅጠል

ሶዶ በሄድኩ ቁጥር ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆም እላለሁ። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተ ግቢ ነው። ጥበቃዎቹን ሳይ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ እነዚህ ሰዎች የሚያዩት ነገር ቦርዱ ዘንድ ሲደርስ ምን ይመስል ይሆን?

ጥያቄው የሶዶ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 1993 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣልን» ብለው ተነሱ፤ ሁከቱ ከተማው ውስጥ ገብቶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። በ2012 ደግሞ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ሲሞቱ ፌዴራል ፖሊስ ግቢ ገባ። ያኔ ውጣ፣ ኋላ ግባ! ከዚያ በፊት በር ላይ ምን እንደታየ ማን ጠየቀ?

በሕጉ የበላዩ ቦርዱ ነው። ግን ቦርድ ግቢ ውስጥ አያድርም፤ የሚያድረው ዘበኛው ነው። እንግዲህ የጥበቃ ኃላፊው የዘበኛና የካሜራ ቁጥር ቢደረድር ምን ይፈይዳል? ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ ምን ታየ፣ ማን ሊጎዳ ይችላል፣ ዛሬ ምን ይወሰን። ቦርዱም መጥፎ ወሬ ያመጣውን አይቆጣ። አንዴ የተቆጡት ኃላፊ በሚቀጥለው ስብሰባ «ሰላም ነው» ብሎ ይቀመጣል። የዚያን «ሰላም ነው» ዕዳ የሚከፍሉት ግን ልጆቻችን ናቸው።