ማዘመኛው የመጣበት መንገድ፦ ስልክና ሶፍትዌር በምሥራቅ ጎጃም

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የምትገኘው የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ይጁቤ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ከሰሜን በሚወርደው አሞሌ ጨው ይለወጥበት የነበረው የታላቁ የባሶ ገበያ አካባቢ ናት። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ገበያውን አይቶ ስለ እርሱ ጽፏል። በዚያ ዘመን ዕቃው መቼና በምን ዋጋ እንደሚደርስ የሚወስነው በአብዛኛው መንገዱና በመንገዱ ላይ ያለው ኬላ ነበር፤ ወደ አካባቢው ስልኮች የገባው ሶፍትዌር ታሪክም ከምንም በላይ የመንገድ ታሪክ ነው።

በተለምዶ አፕዴት የሚባለው ማዘመኛ፣ ስልኩን የሚመራውን ዋና ፕሮግራም (አንድሮይድን ወይም አይኦኤስን) ጉድለት የሚያርምና አዲስ ችሎታ የሚጨምር ፋይል ነው። በአሜሪካና በብዙ የአውሮፓ አገሮች የቴሌኮም ድርጅቶች ስልኩን ራሳቸው በውል እየሸጡ ከመረባቸው ጋር ያስሩት ስለነበር፣ አምራቹ ያዘጋጀው ማዘመኛ እነርሱ ሳይፈትሹትና ሳይፈቅዱት ለደንበኛው አይደርስም ነበር፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎንን ሲያወጣ ማዘመኛውን በቀጥታ የመላክ መብት ይዞ መምጣቱ ትልቅ ለውጥ የሆነውም ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ግን የሞባይል አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተጀመረ ወዲህ ደንበኛው በዋናነት ሲም ካርዱን ከመንግሥት የቴሌኮም ድርጅት ከቴሌ፣ ስልኩን ደግሞ ከገበያ ስለሚገዛ፣ ድርጅቱ በስልኩ ውስጥ ባለው ሶፍትዌር ላይ ይህ ነው የሚባል ሥልጣን አልነበረውም። ነፃነቱ ግን ፍጥነት አላመጣም፤ ፋይሉ የሚያልፍበት ብቸኛ መስመር በዚያው ድርጅት እጅ ነበርና።

ኢትዮ ቴሌኮም በኅዳር 2003 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ መረቡን ለማስፋፋት በ2005 ዓ.ም. ከቻይና ኩባንያዎቹ ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር በጠቅላላው የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውሎች ተፈረሙ፤ አራተኛው ትውልድ (ፎር ጂ) በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ግን ለአዲስ አበባ ብቻ ነበር። አንዳንዴ ከአንድ ጊጋባይት የሚበልጠውን ማዘመኛ በደካማ መስመር ማውረድ ከአቅም በላይ ስለነበር፣ የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፍ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በ43 በመቶ መቀነሱ ለገጠር ከተሞች ትልቅ ነገር ነበር።

ማዘመኛ ለአማርኛ አንባቢ ቅንጦት እንዳልነበረ ከፊደሉ ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ የፊደላት መለያ ውስጥ ቢካተትም፣ የመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች የፊደሉ ቅርጽ (ፎንት) ስላልነበራቸው በአማርኛ ጽሑፍ ምትክ ባዶ ሣጥኖችን ይደረድሩ ነበር፤ ፎንቱ ከስልኩ ጋር መምጣት የጀመረው በአንድሮይድ 4 ስሪቶች ነው። የቀደመው ስሪት የነበረው ሰው ወይ አዲስ ስልክ መግዛት ወይ ወደ ጥገና ቤት መሄድ ነበረበት። ጠጋኙ ስልኩን በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር አያይዞ ነባሩን ፕሮግራም በአዲስ ይተካል፤ ይህ «ፍላሽ ማድረግ» ይባላል። አፕሊኬሽኖችም በሜሞሪ ካርድና በብሉቱዝ፣ በኋላም ዜንደርና ሼርኢት በሚባሉ የፋይል ማስተላለፊያዎች ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ነበር። ምንጩ ያልታወቀ ፋይል ቫይረስ ሊያስገባና የተቀመጠውን የስልክ ቁጥር ሁሉ ሊያጠፋ መቻሉ እውነት ነው፤ ሆኖም መስመሩ ያላደረሰውን ያደረሱት እነዚህ ባለሙያዎች በአገሪቱ የቴሌኮም ታሪክ ውስጥ ሊጻፉ ይገባል።

ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በይፋ ሲጀምር የአንድ ድርጅት ዘመን አበቃ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ማብቂያ ግን ምሥራቅ ጎጃም በሚገኝበት በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ፤ ወርኃዊ የደኅንነት ማረሚያዎችም በሞባይል መስመር የማይደርሱ ሆኑ። አምራቾች ርካሽ ስልኮችን የሚያዘምኑት ለአጭር ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ መስመሩ የተዘጋባቸው ወራት ከዚያው አጭር ጊዜ ላይ የሚቀነሱ ነበሩ።