በሽተኛ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቢሞት ማን ይጠየቃል? ከአዝ-ዘህራዊ እስከ ፀዳ

ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቁስሉ ሲያመረቅዝ ወይም ሲሞት ቤተሰብ «ገደሉብን!» ይላል፤ ሐኪሙም ፈርቶ ዝም ይላል። በመሃል እውነቱ ይጠፋል። ወንድሞችና እህቶች፣ ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም።

ከሺህ ዓመት በፊት በአንደሉስ የኖረው አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ፣ ሠላሳ ክፍል ያለውን «አት-ተስሪፍ» የተሰኘ መጽሐፉን የዘጋው በቀዶ ሕክምና ነው። በዚህ ክፍል መግቢያ ላይ በዓይኑ ያያቸውን ሞቶች ይተርካል። አንድ ዕውቀት የጎደለው ሐኪም የአንዲትን ሴት የአንገት እብጠት ሲቀድ የደም ሥር ቆረጠ፤ ሴትዮዋ ደሟ ፈስሶ እፊቱ ሞተች። ሌላው ከአንድ ሽማግሌ ፊኛ ትልቅ ጠጠር ሲያወጣ ፊኛውን አብሮ ቆረጠ፤ ሰውየው በሦስተኛው ቀን ገደማ ሞተ። ለዚህ ሽማግሌ አዝ-ዘህራዊም ተጠርቶ ነበር፤ የጠጠሩን ትልቅነትና የሰውየውን ድካም አይቶ እንደማይተርፍ ገምቶ ነበር። አቅምን ማወቅም ሙያ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋል። የፊቅህ ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው፣ ሙያውን የሚያውቅ፣ ፈቃድ ያገኘና የሙያውን ሥርዓት ያልጣሰ ሐኪም፣ ጉዳት ቢከተል እንኳ ካሳ እንደማይከፍል አስረዱ።

የሀገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያን የሚጠይቀው የሙያውን ደንብ ባለመጠበቅ ወይም በቸልተኝነት ሲያጠፋ ነው። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ለሚገድል ሐኪም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይደነግጋል። ሁለቱም የሚመዝኑት የሐኪሙን ሥራ እንጂ ሞቱን ብቻ አይደለም።

ይህን ስንጽፍ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ፀዳን እያሰብን ነው። እዚያ በጤና ሳይንስ ኮሌጁ የሚማሩ ወጣቶች ነገ በየወረዳው ይመደባሉ። ለእነሱ የምንለው፦ ከመቅደዳችሁ በፊት አደጋውን ለበሽተኛው በሚገባው ቋንቋ ንገሩ፤ ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን በጊዜ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኩ፤ የሠራችሁትን ሁሉ ካርዱ ላይ ጻፉ፤ ነገሩ ሲበላሽ አትደብቁ። ጉዳት ራሱ ወንጀል አይደለም፤ የደበቀ ግን ራሱን ለጥርጣሬ፣ በሽተኛውንም ለባሰ አደጋ ይዳርጋል።

እኛ ቤተሰቦችስ? ዱላ ከማንሳታችን በፊት «ምን ተፈጠረ?» ብለን እንጠይቅ። ጥፋት ካለ ሕግ አለ፤ ጥፋት ከሌለ ደግሞ ያለ በደሉ የሸሸ ሐኪም ነገ ለእናታችን አይደርስላትም።

ወላሁ አዕለም።