ሰማዩ የማን ነው?

መሬት ባለቤት አለው። በላዩ የተዘረጋው ሰማይስ? የጥንት የአውሮፓ ሕግ አዋቂዎች፣ መሬት የያዘ ሰው ከላዩ ያለውንም ሰማይ ይዟል ይሉ ነበር። አውሮፕላን ሲፈጠር ግን ይህ ብሂል ከባድ ፈተና ገጠመው።

ፈተናውን ያመጡት ዶሮዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች በኖርዝ ካሮላይና ከአንድ ዶሮ አርቢ ቤት በላይ ዝቅ ብለው ይበሩ ነበር። ዶሮዎቹ እየደነበሩ ከግድግዳ ጋር ተላትመው ሞቱ፤ ሰውዬውም እርባታውን ለመተው ተገደደና መንግሥትን ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1946 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፈረደለት፤ ነገር ግን በዚያው ፍርድ አሮጌውን ብሂል ሻረው። ከፍ ያለው ሰማይ የሕዝብ ጎዳና ነው፤ ከመሬቱ የሚጠጋው አየር ግን የባለመሬቱ ድርሻ ነው አለ።

የመሬቱ ባለቤት ሕዝብ ሲሆንስ? ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1949 መልስ ሰጡ። በሚኒሶታ የካናዳ ድንበር ላይ፣ መንገድ ባልገባበት የሐይቆችና የደን ምድር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ጫማ በታች መብረር እንዲከለከል አዘዙ። ጸጥታም የሚጠበቅ ሀብት ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ድሮን መጣ። በኤፕሪል 2014 የግራንድ ካንየን ጎብኚዎች የፀሐይ መጥለቅን በጸጥታ ሊመለከቱ ተሰብስበው ሳለ፣ አንድ ድሮን እየጮኸ ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ቆይቶ ገደል ገባ። በዚያው ወር በዛየን ፓርክ ሌላ ድሮን የዱር በጎችን መንጋ በትኖ ግልገሎቹን ከትልልቆቹ መለየቱ ተነገረ። በጁን የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጆናታን ጃርቪስ የእገዳ ትዕዛዝ አወጡ። ቅጣቱ እስከ ስድስት ወር እስራትና እስከ 5,000 ዶላር ይደርሳል።

የትዕዛዙ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ሰማዩን የሚያዝዘው የፌዴራል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት እንጂ የፓርኮቹ አይደለም። ስለዚህ ትዕዛዙ የያዘው ክንፉን ሳይሆን እግሩን ነው፤ በፓርኩ ክልል ውስጥ ሆኖ ድሮን ማስነሳት፣ ማሳረፍና ማብረር ተከለከለ። ለነፍስ አድን፣ ለእሳት መከላከልና ለምርምር ግን በፈቃድ ይቻላል።

እገዳው ተቃዋሚ አላጣም። ከላይ የሚነሣው ሥዕል ዓይን ያላየውን ውበት ያሳያል፤ ማንንም የማይረብሽም አብራሪ ሞልቷል። ይሁን እንጂ ደንቡ ከወጣ በኋላ እንኳ፣ በኦገስት 2014፣ የአንድ ጎብኚ ድሮን የሎውስቶን ፓርክ ካለው ዝነኛ ባለቀለም ፍል ውኃ ውስጥ ወደቀ። ጎብኚው በቅጣትና በካሣ ከ3,000 ዶላር በላይ ከፈለ።

ዶሮ አርቢው ዶሮዎቹ ሲያልቁ ራሱ ፍርድ ቤት ቆመ። ከእናቷ የተለየች የዱር ግልገል ግን ከሳሽ የላትም፤ ጸጥታም ጠበቃ የለውም። የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ ችግሩ ይህ ነው፤ ደንብ ካልቆመለት የሚቆምለት አይኖርም።