ያልታሰረ ኒውትራል

የህዳሴ ግድብ ያለበት ጉባ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። በዚያው ክልል አሶሳ ላይ አንድ ምሰሶ ከወደቀ ወይም ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ግን የግድቡ ቅርበት የባለሱቁን ፍሪጅ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ጄነሬተር ይነሳል፤ ከጄነሬተሩ ጋርም ብዙዎች ያልሰሙት አንድ ስም ይመጣል፦ «ፍሎቲንግ ኒውትራል»።

ቃል በቃል «ተንሳፋፊ ኒውትራል» ማለት ይቻል ነበር። እኔ «ያልታሰረ ኒውትራል» ብዬዋለሁ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኞቻችን ከመሬት ሲያገናኙ «አርዝ እሰር» ይላሉና።

ከቤት ቆጣሪ በሚመጣው መስመር ኒውትራሉ፣ ማለትም የኮረንቲው መመለሻ ሽቦ፣ ትራንስፎርመሩ ዘንድ ከመሬት ጋር ታስሯል። ፌዙ፣ ማለትም ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ፣ ተልጦ የፍሪጁን ብረት ቢነካ ኮረንቲው የሚመለስበት መንገድ አለው፤ መከላከያውም በዚያ መንገድ ነው የሚሠራው። ብዙዎቹ ትንንሽ የቤንዚን ጄነሬተሮች ግን ከፋብሪካ ሲወጡ ኒውትራላቸው ከቦዲያቸው ጋር አልተያያዘም። አንድ መሰርሰሪያ ብቻ ለማንቀሳቀስ ይህ ክፋት የለውም። ቤት ሙሉ መስመር ሲሰጠው ነው ጣጣው፦ የመጀመሪያው ብልሽት ድምፅ ሳያሰማ ይቀመጣል፣ ብሬከር አይወርድም፣ አርሲዲውም (ኮረንቲ ሲያመልጥ መስመሩን የሚቆርጠው መከላከያ) አያውቀውም። ሁለተኛው ብልሽት በሌላው ሽቦ ላይ ሲመጣ ኮረንቲው ሰው ይይዛል።

«የአርዝ ዘንግ ቀብሬያለሁ እኮ!» የሚል አይጠፋም። ዘንግ መቅበር ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ኒውትራሉን በአንድ ዘንግ፣ የዕቃዎቹን ብረት በሌላ ዘንግ አስረን በመካከላቸው ያለው አፈር 20 ኦም ቢይዝ፣ 220 ቮልት ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ነው። የ20 አምፔር ብሬከር ለ11 አምፔር ንቅንቅ አይልም። ይህም አፈሩ እርጥብ ሳለ ነው። በበጋ፣ ክረምቱ ከወጣ ከወራት በኋላ፣ መሬቱ ሲደርቅ ተቃውሞው ይጨምራል። ጨውና ከሰል መጨመር ትንሽ ያግዛል፣ ሒሳቡን ግን አይገለብጠውም።

መፍትሔው ኒውትራሉን ከጄነሬተሩ ቦዲ ጋር በወፍራም ሽቦ ማሰር፣ ያንኑ ከቤቱ አርዝና ከዘንጉ ጋር ማገናኘት፣ አርሲዲም ማስገባት ነው። የኢንቨርተር ዓይነት ጄነሬተር ከሆነ ግን መመሪያውን ሳያዩ ማሰር አይገባም።

እዚህ ላይ ቤቱን ከቆጣሪው መስመር ወደ ጄነሬተር የሚያዞረው ቼንጅኦቨር ይመጣል፤ «ምንጭ ቀያሪ» ልንለው እንችላለን። ፌዙን ብቻ ሳይሆን ኒውትራሉንም የሚቆርጥ መሆን አለበት፦ ለአንድ ፌዝ ባለሁለት ፖል፣ ለሦስት ፌዝ ባለአራት ፖል። ቀያሪው ኒውትራሉን የማይቆርጥ ሆኖ ኒውትራሉ ጄነሬተሩ ላይ ደግሞ ከታሰረ፣ ኒውትራሉ ሁለት ቦታ ታሰረ ማለት ነው። ኮረንቲ በአርዝ ሽቦ ላይ መመላለስ ይጀምራል፣ አርሲዲውም ያለ ምክንያት ይወርዳል።

ቼንጅኦቨር ሳያስገጥሙ በሁለቱም ጫፉ ፕላግ ባለው ገመድ ጄነሬተሩን ሶኬት ላይ የሚሰኩ አሉ። ይህ ከስህተትም ያለፈ ነው። የጄነሬተሩ 220 ቮልት በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ሄዶ 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ይሆናል፤ «መብራት የለም» ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል።

ጄነሬተር የምታስገጥሙ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ባለሙያውን ጠይቁት፦ ኒውትራሉ የት ታሰረ? ቼንጅኦቨሩስ ኒውትራሉን ይቆርጣል? መልስ ከሌለው ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።